ከጆንያው ታች

ኮሌጃችን በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግቶ ተማሪዎቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ በሄዱ ማግስት፣ በክፍሌ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ለጠፍኩ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሠንጠረዥ ስሠራ ደስ ይለኛል። በሠንጠረዡ መሠረት በአንድ ወር ውስጥ አሥር መጻሕፍት አነባለሁ፤ ሁለት የታሪክ፣ ሦስት የፍልስፍና፣ አምስት ደግሞ ሰው እጄ ላይ ሲያያቸው «ይሄ ሰውዬ ቀላል አይደለም» የሚያስብሉ። ማን ሊያየኝ እንደሆነ አላሰብኩበትም። መንገድ ሊዘጋ ነው ስለተባለ ደብረ ማርቆስ ወላጆቼ ዘንድ መሄድ አልደፈርኩም፤ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ከመጻሕፍቴ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ።

በመጀመሪያው ቀን አራት ገጽ አነበብኩና ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን እነዚያኑ አራት ገጾች ደገምኳቸው፤ አንዱም ትዝ አላለኝማ። በሦስተኛው ቀን ሠንጠረዡን አሻሻልኩት። ሳምንት ሳይሞላ በሦስት ቀለም የተሠመረ በጣም ያማረ ሠንጠረዥና አሥር ያልተነበቡ መጻሕፍት ነበሩኝ።

እንደዚያም ሆኖ በሕይወቴ ከሁሉ አብልጬ ያነበብኩት በዚያ ወር ነው ብል አልዋሸሁም። ያነበብኩት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱንም እየጮህኩ።

የተከራየሁት የባልና ሚስት ግቢ ውስጥ ነው። ባልየው ሀጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲነግዱ የኖሩ የጅማ ሰው ናቸው። አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው «ይሄ የሊሙ ነው፣ ይሄ የጎማ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ የጎማ ነኝ ብሎ የመጣ ነው» ይላሉ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሰውን በድምፁ፣ ቡናን በምላሳቸው ነው የሚለዩት። ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዘው ነበር፤ በሽታው ሲገባ አስቸኳይ ያልሆነው ሁሉ ይቆይ ተባለና ቆየ። ሚስትየውን እማማ እላቸዋለሁ። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ አስም ያለባቸው ሴት ናቸው። ከሰዓት፣ ዐስር ሰላት ከተሰገደ በኋላ፣ አቮካዶው ሥር ቁጭ ይሉና ለባላቸው ልብ ወለድ ያነቡላቸዋል። እኔ በመስኮቴ እየሰማሁ፣ ፍልስፍናዬን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ «ደግሞ ይሄን ብሎ መጽሐፍ» እያልኩ አሾፍ ነበር።

ከዚያ ልጃቸው አሰንዳቦ ወለደችና እማማ ሊያርሷት ሄዱ። «በሳምንቴ እመለሳለሁ» አሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ባላቸውን አስጠነቀቁ፤

«ሀጂ፣ እኔ እስክመጣ መጽሐፉን እንዳይነኩ። አብረን ነው የምንጨርሰው።»

«እሺ» አሉ ሀጂ።

በሦስተኛው ቀን ከከተማ ከተማ የሚሄድ መኪና ሁሉ ቆመ። አሰንዳቦ ማለት እኮ ጠዋት ሄደው ለምሳ የሚመለሱባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ሀጂ ግድግዳውን ተደግፈው «ሱብሃነላህ፣ መካ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ አሰንዳቦ አቃተኝ» አሉ።

ረመዳን ገባ። መስጊዱም ስለተዘጋ ሀጂ ቤታቸው ሰግደው፣ ቤታቸው ቀርተው፣ እስከ መግሪብ ድረስ የሚያደርጉት ጠፋቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በሬን አንኳኩ።

«ቲቸር፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ሥራ ላይ ነህ እንዴ?»

«እያነበብኩ ነው ሀጂ።»

«ገጽ ሲገለጥ ግን አልሰማሁም» አሉ።

ተያዝኩ። ወጣሁ። በእጃቸው ሽፋኑ የወለቀውን፣ ርዕሱ እንኳ የጠፋውን የእማማን ልብ ወለድ ይዘዋል።

«እማማ አይንኩ ብለዋል እኮ» አልኳቸው።

«እኔ መች ነካሁ? የምትነካው አንተ ነህ። የኔ ጆሮዬ ብቻ ነው ያለበት፤ ጆሮ ደግሞ አይነካም» ብለው መጽሐፉን አቀበሉኝ።

በኖራ ጠመኔ መሬቱ ላይ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ለካሁና መስመር አሰመርኩ። ሀጂ ከመስመሩ ወዲያ ባለሦስት እግር በርጩማቸው ላይ፣ እኔ ከመስመሩ ወዲህ ጭምብሌን አጥልቄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥን። እማማ ለምልክት ጫፉን ያጠፉት ገጽ ላይ ስደርስ፣

«ቆይ፣ መጀመሪያ ከመሃል ክፈትና ትንሽ አሰማኝ» አሉ። «ቀጥሎ ከታች። ከዚያ ካቆምንበት ትጀምራለህ።»

እኔ ደግሞ ሥርዓት ሲጣስ ደሜ ይፈላል። «ሀጂ! መጽሐፍ እንደዚህ አይነበብም!» አልኩ፣ ሦስተኛ ወንበር ላይ የሚያወራ ተማሪ ያየሁ ያህል።

«ስማ ቲቸር» አሉ ረጋ ብለው። «ጆንያን ከላይ አይቶ የሚገዛ ሞኝ ነው። ነጋዴ ጥሩውን ከላይ ያደርጋል፣ ድንጋዩን ከታች። ስለዚህ ሹል ብረትህን ትይዝና ከላይ ትወጋለህ፣ ከመሃል ትወጋለህ፣ ከታች ትወጋለህ። የሦስቱ ጣዕም አንድ ከሆነ ትገዛለህ። ይሄን የጻፈውም ሰውዬ ያው ነጋዴ ነው።»

ከመሃል ወጋሁ። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት ሴትና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው ታሪኩ፤ ሹፌሩ ወደብ ደርሼ ለመኸር እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል፣ እሷ ትጠብቃለች። ሀጂ ራሳቸውን ነቀነቁና «ገሪ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ከታች» አሉ። የመጨረሻውን ገጽ ፈለግሁ። የለም። አሥር የሚሆኑ ገጾች ተቀድደዋል።

«ታቹ የለም ሀጂ!»

«እንዴት የለም?»

«ተቀዷል።»

«አይጥ ይሆናል።»

«አይጥ በማስመሪያ አይቀድም» አልኩ፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር። ሀጂ በጣም አዘኑ። ከድሮ መጻሕፍት ሻጭ ስንገዛው ጎድሎ ነበር ማለት ነው ብለው ደመደሙና፣ ያለውን ያህል እንድናነብ ተስማማን።

በማግስቱ ሄርማታ ገበያ ወርጄ ሌላ ቅጂ ፈለግሁ። አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ የሚሸጠው ሰውዬ በራፉ ላይ ገመድ ወጥሯል፤ መጀመሪያ ከባልዲው ውኃ እጄን አስታጠበኝና «ምን ልስጥህ?» አለ።

«ሽፋን የለውም፣ ርዕሱን አላውቀውም፣ ግን ሹፌር አለበት» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። «ወንድሜ፣ ሹፌር የሌለበት ይሻልሃል» አለኝና ሌላ ሰው ማስተናገድ ጀመረ።

እኔና ሀጂ ንባቡን ቀጠልን። የሚገርመው፣ የናቅሁት መጽሐፍ እኔኑ ያዘኝ። ሠንጠረዤን ረሳሁት። ጠዋት ስነሳ የማስበው ስለዚያ ሹፌር ሆነ። አንድ ችግር ብቻ ነበረብን፤ የፍቅሩ ገጽ። ሀጂ ጾመኛ ናቸው። መሳሳም ሲመጣ «አስተግፊሩላህ፣ እለፈው፣ እለፈው!» ይላሉ፤ መግሪብ ደርሶ በቴምርና በሾርባ ካፈጠሩ በኋላ ደግሞ «ያቺን ያለፍናትን» ይላሉ። እኔ ከፋሲካ ወዲህ በፍስክ ላይ ስለነበርኩ ሁሉም ገጽ ይፈቀድልኛል። ስለዚህ ቀድሜ እያየሁ የጾም ገጽና የፍስክ ገጽ ብዬ በእርሳስ ምልክት አደርግ ጀመር። ከአሥራ አምስት ዓመት ትምህርት በኋላ የሠራሁት ትልቁ ምርምር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዝናብ ሲመጣ በረንዳው ሥር እንገባለን። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ሁለት እርምጃ፣ ጆሮ ለጆሮ ገጥመውም አይሰማሙ። በጭምብል ውስጥ ሆኜ፣ ሳንባዬ እስኪወጣ፣ «ውዴ ሆይ! ያላንተ ሌሊቱ አይነጋልኝም!» እያልኩ ስጮህ ማዶ የስፌት መኪና ድምፅ ቀጥ አለ። ከአጥሩ ወዲያ ለሰፈሩ ጭምብል የምትሰፋ ጎረቤት አለችን። በማግስቱ አጥር ላይ ተንጠልጥላ፣

«ቲቸር፣ ትናንት ነጎድጓዱ ሲመታ አንድ ነገር አምልጦኛል። ደብዳቤው ደረሳት ወይስ አልደረሳትም?» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ሆንን። እሷ በወዲያ፣ ሀጂ በመሃል፣ እኔ በወዲህ። መኪናዋ ከቆመ ታሪኩ ጥሩ ቦታ ላይ ነው ማለት ነው፤ ካልቆመ ፈጠን ብዬ አነባለሁ። ደብዳቤው አልደረሳትም። የሻይ ቤቷ ባለቤት አጎት፣ ያ መልካም የመሰለን ሰውዬ፣ የሹፌሩን ደብዳቤ ሁሉ እየተቀበለ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍባት ነበር። ይህን ያነበብኩ ዕለት ጎረቤታችን ጣቷን በመርፌ ወጋች፤ ሀጂም እስከ መግሪብ አጎቱን ሲረግሙ ዋሉ።

እማማ በየቀኑ ይደውላሉ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌ መስመሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስለ አራሷና ስለ ሕፃኑ ያወራሉ፤ አስሙ እንዴት እንዳደረ ሀጂ ይጠይቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ፣

«መጽሐፉስ ሀጂ? ደህና ነው?»

«የት ይሄዳል! ያው ቦታው ነው» ይላሉ ሀጂ፤ መጽሐፉ ግን ጭኔ ላይ ነው። እኔ ሳቄን በጭምብሌ አፍናለሁ።

አንድ ቀን እማማ የአማቻቸው አጎት የይለፍ ደብዳቤ አስጽፌ ጅማ አደርስዎታለሁ ብሎ እንደቀረባቸው ሲናገሩ፣ ሀጂ ቱግ አሉና፣

«አጎት ያው አጎት ነው! የዚያችም አጎት ደብዳቤዋን ሁሉ ሲቆልፍባት አልነበር!» አሉ።

የስፌት መኪናው ቆመ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እማማ ባቆሙበት ገጽ ላይ አጎትየው ገና ደግ ሰው ነው።

«የየቷ አጎት?» አሉ እማማ፣ በጣም ቀስ ብለው።

«ሄሎ? ሄሎ? ኔትወርኩ…» ሀጂ እጃቸውን ወደ እኔ እያወራጩ ዝጋው፣ ዝጋው አሉኝ። ዘጋሁት። መምህር ሆኜ ይህን ማድረጌ ያሳፍረኛል፤ ግን ሦስታችንም እስክንንፈራፈር ሳቅን።

በማግስቱ እማማ አልደወሉም። «ኮረፈች» አሉ ሀጂ እየሳቁ። እኛ ደወልን፤ ይጠራል፣ አይነሳም። በሁለተኛውም ቀን አልደወሉም። መጽሐፉን ስከፍት ሀጂ «ተወው ዛሬ» አሉኝ። አዛን ተብሎ ቴምሯን በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ፤ ወደ አፋቸው አልወሰዷትም።

«ኩርፊያ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «አስሟ ነው።»

በዚያ ሰሞን ሳል በሁሉም ቤት ያስፈራ ነበር፤ አስም ያለበት ሰውማ ቀድሞ እንደሚጎዳ በየሬዲዮው ይነገራል። ሀጂ ወር ሙሉ ይህን ፍርሃት ሲደብቁ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ፈራሁ። የቀዘቀዘውን ሾርባ አሙቄ አመጣሁላቸውና ከመስመሩ ወዲህ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። እማማ ናቸው። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ትንሽ አፍኖኝ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ቀለል ብሎኛል።» ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣ «ሀጂ፣ የመጽሐፉን ታች ፈልገው አጡት አይደል?» አሉ።

ሀጂ በርጩማቸውን ወደ ስልኩ ሳቡ።

«እኔ ጋ ነው። አርባ ዓመት አብሬዎት ኖሬ ከታች እንደሚወጉ ጠፋኝ? በልጃችን የድሮ ማስመሪያ ቀጥ አድርጌ ቀድጄ ይዤው መጣሁ!»

ሀጂ ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው ወረደ፣ እንባቸው እየወረደ «ወላሂ፣ ይቺ ሴትዮ! ወላሂ፣ ይቺ ሴትዮ!» አሉ። እኔ መስመሬን እየዞርኩ ጨፈርኩ፤ ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ አጨበጨበች። የሳቅነው ስለ መጽሐፉ አልነበረም። ሴትዮዋ በሕይወት ነበሩ፣ ደግሞም ይሳደቡ ነበር።

ስምምነት ተደረገ። እኔ እስከተቀደደው ጠርዝ ድረስ አነባለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በኢድ ዋዜማ ራሳቸው በስልክ ያነቡታል። ያ ቀን እስኪመጣ የጠበቅሁትን ያህል ልጅ ሆኜ ለፋሲካ ዶሮ እንኳ አልጠበቅሁም። በዋዜማው ከሰዓት ባልዲ ገልብጠን ስልኩን ላዩ ላይ አስቀመጥነው። ጎረቤታችን በርጩማዋን አጥሩ ሥር አመጣች። እማማ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ያነባሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ደግሞ ሁለት ያነባሉ።

ሻይ ቤቷ በር ላይ ቆማለች። መኸሩ አልፏል። አቧራ ታየ፣ ቀጥሎ የመኪናው አፍንጫ ታየ። «ሹፌሩ ወረደ» አሉ እማማ። «መጀመሪያ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። ከዚያ አቀፋት። ያ አጎቷም ሣጥኑን አምጥቶ ይቅርታ ጠየቃቸው። ብዙ ዓመትም አብረው ኖሩ።»

የጨዋ ልጅ ነው አልኩ በልቤ። ጎረቤታችን እልል አለች። የሀጂ መንጋጋ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጾመኛ ባይሆኑ ፍሬ የሚሰብሩ ነው የሚመስለው።

«ጨረስሽ?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

«ጥሩ ነው» አሉ ሀጂ። «ነይ እንግዲህ አንቺም።»

ከኢድ በኋላ መኪኖች ግማሽ ሰው እየጫኑ መሄድ ጀመሩ። እማማ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጭምብላቸውን እንዳጠለቁ በሩ ላይ ቆሙ። ሀጂ ድምፃቸውን ሰምተው በደመ ነፍስ ወደፊት ሲሄዱ «ሁለት እርምጃ!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም መስመሩ ላይ ቆሙ። ሁለት ሳምንት እንደዚያ በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው ዋሉ። በየጠዋቱ በርጩማዎቹ ትንሽ ትንሽ ይቀራረቡ ነበር፤ የሒሳብ አስተማሪው ግን መለካት ትቶ ነበር።

እኔ ደግሞ ጎደሎ መጽሐፍ አያስተኛኝም። ገጾቹን ይስጡኝና ልለጥፋቸው ብዬ እማማን ነዘነዝኳቸው። ብዙ ቀን «እሺ፣ እሺ» ሲሉ ቆይተው አንድ ከሰዓት፣ ሀጂ ውዱእ ሲያደርጉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ለራስህ አንብብ» አሉ።

ክፍሌ ገብቼ አነበብኩ። ሻይ ቤቷ በር ላይ ቆማለች። መኸሩ አልፏል። አቧራ ታየ። መኪናው ግን የሌላ ሰው ነው፤ የወረደውም ሰው የያዘው የሹፌሩን ኮት ነው። ሹፌሩ ገደል ገብቷል። እሷ ኮቱን ተቀብላ እዚያው በሩ ላይ ስትቆም መጽሐፉ ያልቃል። ሳሙና የሚባል ነገር የለበትም።

ወጣሁና እማማን ጓሮ አገኘኋቸው። ገጾቹን አሳየኋቸው።

«ከመሄዴ በፊት ነው ያነበብኩት» አሉ። «እኔም ከእሳቸው ተምሬ ከታች እወጋለሁ። እዚህ ትቼው ብሄድ ሰው ያነብላቸዋል። ዓይናቸው ታሞ፣ መስጊዱ ተዘግቶ፣ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ይሄን ይስሙ? የለም። ዘንድሮ በእኔ ቤት ማንም አይሞትም ቲቸር። እንዳትነግራቸው።»

እንደማልነግራቸው ቃል ገባሁ።

በሳምንቱ ከሀጂ ጋር አቮካዶው ሥር ተቀምጠናል፤ እማማ ገበያ ሄደዋል። ሀጂ ከኪሳቸው አንዲት ፍሬ አውጥተው ሰበሩና አጣጣሙ።

«ቲቸር፣ ያ የመጽሐፉ ታች» አሉ፣ «ከሌላ ማሳ ነው።»

«እንዴት ሀጂ?»

«ከላይና ከመሃል ያለው አንድ ቡና ነው። ታቹ ተደባልቋል። የዚያ ዘመን ሹፌር መቼ ነው እስከ ክርኑ በሳሙና ታጥቦ ሴት የሚያቅፈው? ልጁ ሞቷል አይደል?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን ሰሙት፤ ሰው የሚያውቁት በድምፅ ነው ብያለሁ፤ ለካ በዝምታም ነው።

«ለእማማ ሊነግሯቸው ነው?» አልኩ።

«ምን ብዬ?» አሉ ሀጂ። «እሷ እያፈናት፣ በሁለት ዐረፍተ ነገር መሃል እየተነፈሰች፣ ለእኔ ብላ ያበቀለችው ነው። እኔ ቀምሼ ገዝቼዋለሁ። የተገዛ ቡና አይመለስም።»

የግቢው በር ተንቋቋ። ሀጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዳትነግራት» አሉኝና፣ ወደ በሩ ዞረው «መጣሽ?» ብለው ተነሱ።